ከጳጉሜ እስከ ጳጉሜ፦ በገጠር ቤት ጤናማ ልማድ እንዴት ይያዛል?

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስሠራ ሐኪም የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ነገረኝ። ያን ጊዜ የታየኝ ገጠር ብቻ ነበር። ንጹህ አየር፣ ገብስ፣ እርጎ፣ በጊዜ መተኛት። ጓዜን ጠቅልዬ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው የአክስቴ ቤት ገባሁ። አሁን አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ገጠር በራሱ ጤና አይሰጥም። ይህን ያየሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ውጭው አየር ንጹህ ነው፤ ማድ ቤቱ ግን በኩበት ጭስ ታፍኗል። እህሉ ከማሳ የመጣ ነው፤ ውሃው ግን ወለል ላይ ከተቀመጠ ክዳን አልባ እንስራ ይጠጣል። ሰዉ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ይውላል፤ አክስቴ ግን ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ነው የሚነሱት።

በመጀመሪያው ዓመት አሥር ሕግ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ጥቅምት ሳይገባ አንዱም አልቀረም። «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ያልኩት ኩበቱ ሁሉ ዝናብ በመታው ሰሞን ነበር። «ጓሮ አትክልት እንትከል» ያልኩት ውርጭ ሊገባ ሲል ነበር። አክስቴ ወረቀቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ሁሉም ነገር እኮ ወር አለው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። በየወቅቱ አንድ ልማድ ብቻ እንይዛለን። እሱንም ቤቱ ለዚያ ወቅት ከለመደው ሥራ ጋር እናስራለን። ከዚህ በታች ያለው በዚህ መንገድ የሞከርነው ነው። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ እናንተ ቆላ ወይም ወይና ደጋ ከሆናችሁ ወራቱን ወደ ራሳችሁ አዝመራ አምጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ውሃውን ተከተሉት

አንድ ቀን ምንም ሳትቀይሩ ቤቱን ብቻ ተመልከቱ። የምመክራችሁ ውሃን መከተል ነው። ከምንጩ ተነስቶ ሰው አፍ እስኪደርስ ስንት እጅ ይነካዋል?

በእኛ ቤት እንዲህ ነበር። ምንጩ በሲሚንቶ የጎለበተ ነው፤ ውሃው ሲቀዳ ጥሩ ነው። ጀሪካኑ ግን ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ በጨርቅ ይወተፋል። ቤት ሲደርስ ወደ እንስራ ይገለበጣል። ከእንስራው በጣሳ ይጨለፋል። ጣሳው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ዶሮ ያልፍበታል፤ ልጅ ከነእጁ ይነክረዋል። ውሃው የተበላሸው ቤታችን ውስጥ ነው። ወረዳው ምንጭ አጎልብቶልናል፤ የቀረው የእኛ ድርሻ ነበር።

በዚያው ቀን ጭሱን፣ ጨውንና እንቅልፍን እንዲሁ አስተውሉ። ከዚያ ዓይናችሁ ውስጥ የገቡትን ሦስት ነገሮች ብቻ ጻፉ። በሩጫ አትጀምሩ። የትኛውንም ነገር ስትቀይሩ ግን ሥራውን የሚሠራውን ሰው አማክሩ። ምድጃ የሚቀየረው ከሚጋግሩት እናት ጋር ተመክሮ ነው። እሳቸው ያልተቀበሉት ነገር አንድ ሳምንት አይቆይም።

የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም በዚህ ሰሞን አግኟት። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው ለዚሁ ለቤት ለቤት ሥራ ነው። ለየትኛው አካባቢ የትኛው በሽታ እንደሚያሰጋ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጳጉሜና መስከረም፦ እጅ መታጠቢያው

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ዝናብ ሲወርድ ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይዘላሉ። ቤቱም ሰዉም ለአዲስ ዓመት የሚታጠብበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የእጅ መታጠብን ልማድ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ሳምንት የለም። ውሃ ሞልቷል፤ ልጆች ቤት ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሊለምዱት ይችላሉ።

እኛ የሠራነው በእግር እየተረገጠ የሚፈስ መታጠቢያ ነው። ወጪው ከሳሙናው በቀር ምንም አይደለም። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

1. ሁለት ባላ ያላቸው እንጨቶች ቁረጡ። ባሕር ዛፍ ይሆናል። ግማሽ ሜትር ያህል ተቀብሮ ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ይቅር። ልጆች ብዙ ከሆኑ ዝቅ አድርጉት። በመካከላቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ተዉ።

2. የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ሚስማር በእሳት አግሉና ከክዳኑ ግማሽ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከእጀታው ተቃራኒ በሆነው ጎን አንድ ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳው ትንሽ ይሁን። ሰፋ ካለ ውሃው ቶሎ ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀዳው ሰው ይማረራል።

3. በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ ቀጥ ያለ አጣና አሳልፉና ባላዎቹ ላይ አጋድሙት።

4. ክዳኑን በስታችሁ ገመድ አሳልፉ፤ ከውስጥ በኩል ቋጠሩት። የገመዱን ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ከተጋደመ ቀጭን እንጨት ጋር እሰሩ። መርገጫው ይኼ ነው። ሲረገጥ ጀሪካኑ ያጎነብሳል፤ ውሃው ይወርዳል። እግር ሲነሳ ይመለሳል።

5. ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉ። አለበለዚያ በሦስት ቀን ጭቃ ይሆናል፤ ከዚያ ማንም አይጠጋውም።

6. ሳሙናውን በስታችሁ በሲባጎ አንጠልጥሉ። ሳሙና ሲያልቅ አመድ በጣሳ አስቀምጡ። አመድም ይሠራል።

ቦታው ወሳኝ ነው። እኛ መጀመሪያ በር ላይ ተከልነው፤ ለእንግዳ የሚታይ ነበር፤ ግን ማንም አልተጠቀመበትም። ወደ ሽንት ቤቱ መውጫ ስናዞረው ያለ ተናጋሪ ይታጠቡ ጀመር። አቅም ካለ ሁለተኛውን ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሥሩ። እጅ የሚታጠበው ከሽንት ቤት ሲወጣ፣ ሊጥ ከመነካቱ በፊት፣ ልጅ ከማጉረስ በፊት፣ ከበረት ሲመለስ ነው።

ለስንት ጊዜ ይታሽ? ሃያ ሰከንድ። ይህን ለልጅ በሰዓት አይነግሩትም። የአክስቴን የልጅ ልጅ እጁን እያሸ ፊደል እንዲቆጥር አደረግነው። ከሀ እስከ ፐ ረጋ ብሎ ሲል ሃያ ሰከንድ ይሞላል። አሁን ደጅ ተቀምጬ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ…» የሚል ድምፅ ስሰማ ማን እየታጠበ እንደሆነ አውቃለሁ። «ረ» ላይ ካቆመ፣ «ጨርስ!» እላለሁ።

እዚያው ላይ ፊትም ይታጠብ። በጠዋት ፊቱ ያልታጠበ ሕፃን ላይ ዝንብ ያርፋል። ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። አገራችን ደግሞ በትራኮማ በጣም ከተጎዱት መካከል ነች። ጠዋትና ማታ ፊት መታጠብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የሚጠብቀው ግን ዓይን ነው።

ጥቅምትና ኅዳር፦ እሸትና ኅዳር ሲታጠን

ዝናቡ ወጥቶ ባቄላው እሸት ሲይዝ፣ ዓመቱን ሙሉ የምንናፍቀው ትኩስ ምግብ ደጅ ድረስ ይመጣል። በዚህ ወቅት የሚያዘው ልማድ ቀላል ነው። ለልጆች ብስኩት አትግዙ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የተቀቀለ የባቄላ እሸት ወይም የገብስ ቆሎ ይጠብቃቸው። ብስኩቱን ለከተማ እንግዳ ተዉት።

ኅዳር 12ን ግን በደንብ ተጠቀሙበት። ያ ቀን የሚካኤል በዓል ነው፤ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ቀንም ነው። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። ዓለምን ያዳረሰው የስፓኒሽ ኢንፍሉዌንዛ በዚያ ኅዳር እዚህም ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። የኅዳር በሽታ ተባለ። ከዚያ ጀምሮ ሰው ግቢውን በዚህ ቀን ይጠርጋል፤ ያጥናል። መቶ ዓመት አልፎም ያልሞተ የጤና ልማድ ነው። አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ እሱን ማሻሻል ይሻላል።

እኛ ቆሻሻውን መጀመሪያ ለሦስት እንለያለን። ገለባ፣ ቅጠል፣ የማድ ቤት ትርፍራፊ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ ሜትር በሜትር ይበቃል፤ አንድ ድርብ ቅጠል፣ አንድ ድርብ እበት፣ ጥቂት አመድ፣ ውሃ እየረጩ መደርደር ነው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ባትሪ ለብቻ። ፌስታልና የሀይላንድ ላስቲክ አይቃጠልም። በእኛ ልጅነት የሚቃጠለው ቅጠልና ጭራሮ ነበር፤ የዛሬው ላስቲክ ጭስ ግን ሳንባ ይጎዳል። ለዕጣን ያህል ጥቂት ደረቅ ቅጠል አጭሱ፤ በዓሉ አይጎድልም።

በዚያው ቀን የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን ይታያል። ክዳን ከሌለው ሥሩ። እጀታ ያለው ክብ ጣውላ ይበቃል። ዝንቡ ባንድ ሳምንት ይቀንሳል።

በርበሬና እህል የሚደርቀውም በዚህ ሰሞን ነው። ባዶ መሬት ላይ አታስጡ። ሸራ ወይም ሰሌን ከሥር ይሁን፤ ማታ ጤዛ ሳይነካው ይነሳ። እርጥበት የያዘ እህልና በርበሬ ሻጋታ ያወጣል። የሻጋታ መርዝ ደግሞ ታጥቦም ተቆልቶም አይጠፋም፤ ጉበት ላይ ነው የሚያርፈው። የሻገተውን «ይፈጭና ይጥፋ» አትበሉ። ለዶሮም አትስጡ።

ታኅሣሥና ጥር፦ ጭሱ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡልኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰው ሁሉ ወደ እሳት ይጠጋል። እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። ጭሱ ዓይን ያቀላል፤ ሳል ያመጣል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የሚጋግሩትን እናትና እናት ጀርባ ላይ የታዘለውን ሕፃን ነው።

ጭስ የሚቀነሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ከማያስወጣው ጀምሩ።

ሕፃን ታዝሎ ማድ ቤት አይግባ። እንጀራ ሲጋገር ልጁን የሚይዝ ሰው ይመደብ። በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ፤ የምጣድ ቀን ሥራዬ ልጅ መያዝ ነው። ከገዛነውና ከሠራነው ነገር ሁሉ ይህ የበለጠ ጠቅሟል እላለሁ።

ቀጥሎ ማገዶው ይድረቅ። እርጥብ ኩበት ጭሱ ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ኩበት በበጋ ጠፍጥፎ፣ አድርቆ፣ ከዝናብ በፊት ከጣሪያ ሥር መከመር የማንኛዋም የደጋ ሴት እውቀት ነው። የጎደለው ብዙ ጊዜ መጠለያው ነው። አራት ምሰሶና ጥቂት ቆርቆሮ ያለው ዳስ ሥሩላቸው።

ከዚያ ጭሱ መውጫ ይፈለግለት። መስኮቱ ከበሩ ትይዩ ይሁን፤ ነፋሱ እንዲያልፍ። ከጣሪያው ጫፍ ሥርም ክፍተት ተዉ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

አቅም ሲገኝ ምርጥ ምድጃ ይገዛ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ ክብ ሆኖ የሚገጣጠም ነው፤ ምጣዱን ዙሪያውን ይይዘዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አክስቴ መጀመሪያ አልተቀበሉትም። «እንጀራው ዓይን አያወጣም» አሉ። አልተከራከርኩም። በመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ሦስተኛው እንጀራ ላይ አክንባሎውን ሲያነሱ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። እንፋሎቱ ሲገለጥ እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኗል። በጣታቸው ጠርዙን ነካ አደረጉት። ምንም አላሉም። በሚቀጥለው የምጣድ ቀን ግን የድሮውን ጉልቻ ራሳቸው አንስተው ከግቢ አወጡት። አሁን ሲጋግሩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አያብሱም። እኔ የማየው ለውጥ ይህ ነው።

አሁን ስለ ከሰል። ውርጩ ሲበረታ ሰው የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት ያስገባል። በርና መስኮት ይዘጋል። «ከሰል ጭስ የለውም፣ ምን ያደርጋል?» ይላል። ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። የተኛ ሰው አይነቃበትም። አንድ ቤተሰብ በሙሉ ሌሊት ያልቃል። የቀላ ከሰልም ቢሆን ያው ነው፤ «ካጨሰ በኋላ አስገባሁት» ማለት አያድንም። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ቅዝቃዜውን በጋቢ፣ በቡሉኮና በካልሲ ተከላከሉት። የፈላ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስቀመጥም ይቻላል። ማንደጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመውና የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ጥር የሠርግና የማኅበር ወር ነው። ጠላና ጥሬ ሥጋ ይበዛል። ለመጠጡ አንድ ዘዴ አለኝ፤ ዋንጫችሁን ባዶ አታድርጉ። ባዶ ዋንጫ ይሞላል። አንዱን ተቀብላችሁ ቀስ እያላችሁ ያዙት፤ አሳላፊውም አይቀየምም። ደጋሽ ከሆናችሁ ደግሞ ብርዝ አዘጋጁ፤ የማይጠጣ ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥም። ሥጋውን አብስሉት። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው። ከያዛችሁም መጠኑ የማይታወቅ ኮሶ ከመጠጣት የጤና ጣቢያው ኪኒን ይሻላል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ጆንያው ጎመንና የጾሙ ማዕድ

ውርጩ ሲያልፍ የአትክልት ጊዜ ይመጣል። ግን ውሃ ይጠፋል። ለዚህ መላው ጆንያ ነው።

የእህል ጆንያ ውሰዱ። የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። የኅዳሩ ጉድጓድ ለመጀመሪያው ዓመት አይደርስላችሁም፤ ብርዱ ያዘገየዋል። ከበረት ሥር ያለውን አሮጌ ፍግ ተጠቀሙ። ኩበት መጠፍጠፍ የአፈሩን ምግብ እሳት ላይ ማዋል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ለአንድ ጆንያ የሚሆን ፍግ ማስቀረት ግን ማገዶ አያሳጣም።

ከላይና ከታች የተከፈተ ጣሳ ጆንያው መሃል አቁሙ። ጣሳውን በጠጠር ሙሉ፤ ዙሪያውን በአፈር። ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት፤ እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር። ጆንያው ሲሞላ ጣሳው ይወጣል፤ መሃል ላይ የጠጠር ዓምድ ይቀራል። ውሃው በእሱ በኩል ወርዶ እኩል ይዳረሳል። ከዚያ ጎኑን በየስንዝር ተኩሉ ቀድዳችሁ የጎመን ችግኝ ትከሉ፤ አናቱ ላይም እንዲሁ። ለአንድ ጆንያ ሃያ ችግኝ ይበቃዋል። ጠዋት ጠዋት የእህል እጣቢ ወይም የአትክልት እጣቢ ጠጠሩ ላይ አፍስሱ። ሳሙና የበዛበትን አታፍስሱ።

ወር ተኩል ከሞላው በኋላ ከታች ያሉትን ቅጠሎች እየቆረጣችሁ ትበላላችሁ። ጫፉን አትንኩት፤ ለወራት ይሰጣችኋል። እኛ ማድ ቤቱ አጠገብ አራት ጆንያ አለን። የዐቢይ ጾም ወጥ ከዚያ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በደንብ ከተያዘ ከዓመቱ ሁሉ ጤናማው የአመጋገብ ወቅት ሊሆን ይችላል። ሽሮ ብቻ በየቀኑ ከሆነ ግን አይሆንም። በማዕዱ ላይ ጥራጥሬና ቅጠል አብረው ይገኙ፤ ምስር ወይም ክክ ከጎመን ጋር። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። ተልባና ሱፍ አይረሱ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጡ፤ ብረቱን ይይዙታል። አቦሉን አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ደም ማነስ ላለባት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡርና አራስ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን አስቀድሞ ያማክር።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኔ ጉዳይ ነውና። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን እስከ 5 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ወጡም ውስጥ ለየብቻ ስለሚገባ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እኛ ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ጨርሶ እንዳይገባ ተስማማን። ጨው የሚጨመረው ወጡ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። ይህ ለአዮዲኑም ይጠቅማል፤ ረጅም እሳት ላይ ይባክናልና። ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። አሞሌው ለከብቱ ነው።

ፋሲካ ሲገባ ሆድ ድንገት አይጫን። ሌሊቱን በተልባ ወይም በእርጎ ጀምሩ፤ ዶሮው ይደርሳል።

ግንቦትና ሰኔ፦ ሞፈርና ወገብ

እርሻ ሊጀመር ነው። ለገጠር ሰው «እንቅስቃሴ አድርጉ» ማለት ከንቱ ምክር ነው። የሚያስፈልገው ሸክሙን ማካፈል ነው። ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን በጀርባ ማዘል ይቅር፤ ሁለት አሥር ሊትር በአህያ ይሻላል። ወንዶችም ውሃ እንቅዳ። እኔ ስጀምር ምንጩ ላይ የነበሩት ሴቶች ዝም ብለው አዩኝ፤ አሁን ሦስት ወንዶች ሆነናል። ለእኔ ደግሞ፣ ከቢሮ ወንበር ለመጣሁት፣ የደም ግፊቴን ካወረዱልኝ ነገሮች አንዱ ይኸው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም መለካቴን አልተውኩም፤ በየወሩ የገበያ ቀን ጤና ጣቢያ ጎራ እላለሁ።

ሰኔ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። ወደ ሞረትና ጅሩ በኩል ጓያ ይበዛል። ጓያ ብቻውን ለሳምንታት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ አንዴ ከያዘ አይድንም። ሌላ ሲጠፋ ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፤ ቀቅላችሁ የቀቀላችሁበትንም ድፉ፤ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር አብዝታችሁ ቀላቅሉ። ጥሬውንና እሸቱን ልጆች እየቆረጠሙ አይዋሉ።

ክረምት፦ ውሃ፣ ጭቃ፣ ትኩሳት

አሁን ውሃ የማፍላት ጊዜ ነው። ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ ወደ ምንጭ ያስገባል። ኩበቱ ደግሞ በጥር እንዳልነው ከዳሱ ሥር ደርቆ ተቀምጧል።

ውሃው ከደፈረሰ በንጹህ ነጠላ አራት አጥፋችሁ አጥልሉት። ከዚያ አፍሉት። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ማገዶ እንዳይባክን ጠዋት የቁርሱ እሳት ሳይጠፋ ድስቱን ጣዱ። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ተጠቀሙ፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ከጨመራችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የተዘጋጀው ውሃ አፉ ጠባብና ክዳን ባለው ጀሪካን ይግባ፤ ተቀድቶ ይጠጣ እንጂ ጣሳ አይነከርበት።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ። ሦስት ትንሹ የቢራ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ አንድ ሊትር ያህል ነው። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አጠጡት፤ ጡት አይቋረጥ፤ ያደረው ይደፋ። ዚንክ ኪኒን ከጤና ኬላ ጠይቁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ከታየ አትጠብቁ።

እግርም ይታሰብ። ማታ እግር ማጠብ የአገራችን ወግ ነው፤ ለእንግዳና ለሽማግሌ ብቻ አይሁን፤ ለልጁም ይሁን። በሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶቹ መሃል ደርቆ፣ ቫዝሊን ይቀባ። ጠዋት ጫማ ይደረግ፤ የፕላስቲክም ቢሆን። ቀይ አፈር ባለበት አገር በባዶ እግር መሄድ ዓመታት ቆይቶ ዝሆኔ ያመጣል፤ መከላከያው ጫማና ውሃ ነው።

እኛ ዘንድ ወባ የለም። ግን ሰዎቻችን ለሥራና ለገበያ ወደ ሸዋሮቢት ይወርዳሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ቆላው ላይ ወባ ይበረታል። የሚወርድ ሰው አጎበሩን ጠቅልሎ ይውሰድ። ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ካተኮሰው «ብርድ ነው» አይባል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ ቆላ እንደነበረም ይናገር።

ልማዱ ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ለቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ አጨዳ ይደርሳል። እኛ የቤቱን ልማድ የምንገመግመው ቅዳሜ ጠዋት ቡና ላይ ነው። አቦል እስኪቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን፦ የዚህ ወቅቱ ነገር እንዴት ሆነ? ማንም አይወቀስም። ቢቋረጥ ከዚያው ቀን እንቀጥላለን። የተሳካው ሳምንት በግድግዳው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ይከበባል፤ መክበቡ የልጁ ሥራ ነው።

አዲስ ወቅት ሲገባ አዲሱ ይጨመራል እንጂ የድሮው አይጣልም። የድሮው ገና ካልያዘ ግን አዲሱን አቆዩት። ምድጃው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው የፈጀብን።

ጳጉሜ ሲመለስ መታጠቢያውን ፈትሹ። ገመዱን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል፤ ቀይሩት። ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ከያዘ ጠጠርና ውሃ አስገብታችሁ በደንብ ንጡት። ልጆቹ ካደጉ አጣናውን ከፍ አድርጉላቸው።